ከጨለማው ክፍል የሚታይ ጣሪያ

ኤፕሪል 4፣ ሐሙስ። ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከምዕራብ የሚመጣ ቀላል ነፋስ። በመጀመሪያው ዙር የነበሩት፦ ከሆላንድ የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ የሴቪያ መምህራን፣ መርከብ ያወረዳቸው እንግሊዞችና እኔ።

አለቃዬ ኔካኔ የቀኑን አየርና የጎብኚዎቹን ዓይነት በየቀኑ እንድነግራት ትፈልጋለች። ለእሷ በአፌ እነግራታለሁ። እዚህ የምጽፈው ለራሴ ነው።

ዛሬ ከመምህራኑ አንዷ፣ «ፊልም ነው የምታሳዪን?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ማማው አናት ላይ መስታወትና ሌንስ አለ። በሩ ተዘግቶ ክፍሉ ሲጨልም፣ ውጭ ያለው ከተማችን ካዲዝ መሃላችን በተቀመጠው ነጭ ክብ ገበታ ላይ ይወርዳል። ሲሄድ የሚታየው ሰው አሁን እየሄደ ያለ ሰው ነው። እኔ መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ እያዞርኩ እናገራለሁ። ወደቡ፣ ካቴድራሉ፣ ከዚያ የካሌታ ባሕር ዳርቻ።

ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የማማውን ደረጃ ነበር የምጠርገው። ጎብኚዎች የጣሉትን ወረቀት ከቆሻሻው እየለየሁ አነበብኩ። እንግሊዝኛውንም ከዚያው ነው የለቀምኩት። የክፍሉ አስጎብኚ ወደ ማድሪድ ስትሄድ ኔካኔ ዘንጉን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከካቴድራሉ ወደ ካሌታ ሲታለፍ የኛ ቤት ጣሪያ አለ። እማዬ አንሶላ ታሰጣ ነበር። አላቆምኩም። ትንሽ ቀስ አደረግኩት እንጂ።

ኤፕሪል 9፣ ማክሰኞ። ጥርት። ወደቡ ላይ ትልልቅ መርከቦች። ሰው በሰው።

ከቤት ስወጣ እማዬ፣ «በሩን ይዘጉብሻል?» አለችኝ።
«የቱን በር?»
«የዚያን የጨለማውን።»
«የምዘጋው እኔ ነኝ እኮ፣ እማዬ።»
ትናንትም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር።

ጠዋት ጣሪያ ላይ ነበረች። ከሰዓትም። የምታሰጣቸው አንሶላዎች ያው ናቸው። ደክሞኛል።

ኤፕሪል 14፣ እሑድ። ፀሐይ። ምሳ ላይ የነበርነው እማዬ፣ እህቴ ፓትሮና እኔ። የምድር ቤቱ ጎረቤታችን ሴርባንዶ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ገባ፣ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

ፓትሮ ከምትኖርበት ከቺክላና የመጣችው ነገሩን ለመጨረስ ነው። እማዬ በማርች ወር በነጠላ ጫማ ከቤት ወጥታ ዓሣ ገበያው ውስጥ ከተገኘች ወዲህ ፓትሮ ሌላ ወሬ የላትም። እሷ ሰፈር መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት አለ። ግቢው ዛፍ አለው፣ ምግቡ ጥሩ ነው ትላለች።

«እኔ እጠብቃታለሁ» አልኩ።
«ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆነሽ?»
«ከዚያ ሆኜ አያታለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ።»

ፓትሮ ሹካዋን አስቀመጠች። «እናትሽን ከማማ ላይ ትጠብቂያለሽ? እንደ መርከብ?»
«መርከብስ ቢሆን» አለ ሴርባንዶ አፉን ሞልቶ፣ «የዚህ ከተማ ሀብታሞች ሁሉ መርከባቸውን ከማማ ላይ እየጠበቁ አይደል የከበሩት? እናታችሁ ዶኛ ሬግላም ወርቅ ጭና ትገባለች፣ ቆይ ብቻ!»
«አንተ ዝም በል፣ ዓሣህን ብላ» አለችው ፓትሮ።

እማዬ ሳቀች። በማን እንደሳቀች አልገባኝም።

በመጨረሻ ተስማማን። አንድ ነገር እንደገና ከሆነ እማዬ ወደ ቺክላና ትሄዳለች። እማዬ በዚህ ሁሉ መሃል አጥንት እየለየች ነበር።

አንድ ነገር ለፓትሮ አልነገርኳትም። ዓሣ ገበያ ከተገኘች በኋላ እማዬን፣ «የትም እንዳትሄጂ፤ ከማማው ሆኜ አይሻለሁ» ብያት ነበር። እንድትረጋጋ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ ጠቅሟል ማለት ነው።

ኤፕሪል 19፣ ዓርብ። ደመና፣ ከዚያ ካፊያ። ጎብኚ የለም።

ሲደምን ሥዕሉ ይደበዝዛልና ክፍሉን እንዘጋለን። ገበታውን በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ደረጃውን ጠረግኩ። ወደ ቤት ስመለስ እማዬ ጣሪያው ላይ ቆማ አገኘኋት። ፀጉሯ ከግንባሯ ጋር ተጣብቋል፣ አንሶላው ውኃ ያንጠባጥባል።

«በዝናብ ልብስ ታሰጫለሽ እንዴ?»
«አንቺ ሥራ ላይ አልነበርሽም?»
«ደመና ነው። ሲደምን ምንም አይታየንም።»
«እሱን ማን ነገረኝ?» አለች ተቆጥታ። ባልዲዋን አንስታ ቀድማኝ ወረደች።

ሕመሙ እየገፋ ነው መሰለኝ። ዝናብንና ፀሐይን መለየት እያቃታት ነው። ለፓትሮ አልነግራትም።

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ። ጥርት፣ ሞቃት። በየዙሩ ክፍሉ ሞልቶ ነበር።

አንድ የተለመደ ጨዋታ አለን። ነጭ ካርቶን ገበታው ላይ ከሰዎች ምስል በታች ገባ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ብታነሺው፣ ሰዎቹ ከመንገዱ ተነስተው ካርቶኑ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ጎብኚ ሁሉ ይወደዋል። ዛሬ ካርቶኑን ለአንዲት የጀርመን ልጅ ሰጠኋት። ወደቡ ላይ ያሉትን አልፈለገችም። እማዬን አነሳች።

እማዬ ከነአንሶላዋ፣ ከነገመዷ፣ ካርቶን ላይ። ሁሉም ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«እዩዋት፣ ለልብስ ማስጫ ጉትቻ አድርጋለች!» አለች አንዲት የማላጋ ሴት። እውነትም ትልቁን የሠርግ ጉትቻዋን አድርጋ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።
«በመልክ» አልኩ።

በጨለማ ውስጥ ስለሆንኩ ፊቴ አልታየም። ይሁንና ደግ አላደረግኩም።

ሜይ 3፣ ዓርብ። ጥርት።

ኔካኔ ቢሮዋ ጠራችኝ። የሰሜን ስፔን ሰው ስለሆነች ዙሪያ ጥምጥም አትሄድም፣ አትቀልድምም።
«ፓልማ፣ እርስዎ ካቴድራሉን እያሳጠሩ አንድ ጣሪያ ላይ ይቆማሉ።»
«አልቆምም። ቀስ እላለሁ።»
«እዚያ ምን ታሪክ አለ?»
«ሰው ልብስ ሲያሰጣ ይታያል። ጎብኚዎች ይወዱታል።»
«ይወዱታል፣ አልካድኩም። አሮጊቷን ነው የሚያወሩት ሲወርዱ። ግን ቀጣዩ ዙር ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል።» ከዚያ፣ «ዘመድ ናት?» አለችኝ።
«ጎረቤት።»

ውሸት ከተጀመረ ቀላል ነው።

ሜይ 8፣ ረቡዕ። ከምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ተነስቷል። አሸዋ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጎብኚዎች ኮፍያቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ከቤታችን አጠገብ ያለው ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ዛሬ ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ትልቅ ነጭ ሸራ ወጠሩ፤ ለጥላ። ከሌንሱ ሲታይ የኛን ገመድ ሸፍኖታል። እማዬን አላየኋትም። አንድ ጊዜ ክንዷ ከሸራው ጫፍ ወጣ ብሎ ታየኝ። የእሷ ይመስለኛል።

ቀኑን ሙሉ ስናገር ድምፄ ደረቅ ነበር። ነፋሱ ነው።

ሜይ 12፣ እሑድ። ነፋሱ እንዳለ ነው። ሰዎች በማይረባ ነገር ይጣላሉ፤ ይኼ ነፋስ ሲነሳ ሁሌም እንደዚህ ነን።

ከሥራ ስመለስ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።
«ዛሬ አየሽኝ?»
«አየሁሽ።»
«ምን ለብሼ ነበር?»
«ሰማያዊውን።»
«ቀዩን ነው የለበስኩት» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ኩሽና ገባች።

ስለ ልብሷ ቀለም በትክክል ማስታወሷ ጥሩ ምልክት ነው። ለፓትሮ ይህንን እነግራታለሁ።

ሜይ 16፣ ሐሙስ። ነፋስ። ጎብኚ ብዙ። ጊዜ የለኝም።

ሴርባንዶ ደረጃው ላይ አስቆመኝ። «እናትሽ ፒንሳ ተዋሰችኝ። ያን ሁሉ ዓመት መርከብ ስበይድ ኖሬ ለጡረታዬ ረዳት አገኘሁ!»
የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር፤ ለእሱ ይሆናል አልኩ። ስቄ አለፍኩ።

እማዬን ዛሬም አላየኋትም። ሸራው ብቻ።

ሜይ 21፣ ማክሰኞ። ነፋሱ ትንሽ በርዷል፣ ሰማዩ ጥርት። በቀትሩ ዙር የነበሩት፦ የፈረንሳይ ጡረተኞች፣ አንድ የፖላንድ ቤተሰብ፣ ልትከታተለኝ የገባችው ኔካኔና እኔ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ወደቡን ጨርሼ ወደ ካቴድራሉ እያዞርኩ ነበር። «ጉልላቱ በቢጫ ሸክላ የተለበጠ ነው፤ ከባሕር የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው...» እያልኩ ሳለ፣ አንድ ሰው «ያቻት!» አለ። ገበታው ጠርዝ ላይ የኛ ቤት ገብቶ ነበር። ጣሪያችን ላይ የድሮ ነጋዴዎች መርከብ የሚጠባበቁባት ትንሽ ማማ አለች። ደረጃዋ ስለተሰበረ በሯ በሽቦ ከታሰረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እማዬ እሷ አናት ላይ ቆማለች። ቀዩን ለብሳለች። በአንድ እጇ ነጭ የትራስ ልብስ ታውለበልባለች። ሌላው እጇ ምንም አልያዘም። ከእግሯ ሥር መንገዱ ነው።

ድምፅ የለም። ገበታው ላይ ምንም ነገር ድምፅ የለውም። ፈረንሳዮቹ አጨበጨቡ። እኛ ያዘጋጀነው ትርዒት መስሏቸዋል።

ዓረፍተ ነገሬን ጨረስኩ። በስፓንኛ ጨረስኩትና በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ግንባታው ብዙ ዘመን እንደፈጀና የድንጋዩ ቀለም መሃል ላይ ለምን እንደሚለወጥም አስረዳሁ። ኔካኔ በኋላ እንደነገረችኝ ድምፄ የወትሮው ድምፅ ነበር። ለምን እንደጨረስኩት ማታውን ሙሉ እያሰብኩ ነው። ካቋረጥኩ የምትወድቅ መስሎኝ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እንደዚያ ማሰቤን አላውቅም። ልማድ ይሆናል።

ከዚያ በሩን ከፈትኩ። ብርሃን ሲገባ ሥዕሉ ይጠፋል። እማዬም ጠፋች።

ሮጥኩ ማለት አልችልም። መንገዱ ጃንጥላ ያነሳች አስጎብኚ በሚከተሉ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። በሦስት ቋንቋ ይቅርታ እያልኩ አለፍኩ። አንዱ ፎቶ አንሺን ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ።

ጣሪያው ላይ ስደርስ እማዬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ሴርባንዶ ከኋላዋ ቆሞ ቀሚሷን በጡጫው ጨብጧል። ፊቱ ነጭ ነው። ፒንሳው መሬት ላይ ወድቋል።

«አሁንስ አየሽኝ?» አለች እማዬ።
«አየሁሽ።»
«ምን ይዤ ነበር?»
«የትራስ ልብስ።»
«እንግዲያው ደህና ነው» አለች። ተነስታ ራሷ ወደ ቤት ወረደች።

ሜይ 22፣ ረቡዕ። ጥርት።

ጎዳናው ሁሉ አይቷታል። እኔ ሳልነግራት ፓትሮ ሰምታ በጠዋት መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።
«አልጋ ይዤላታለሁ። ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ።»
«ፓትሮ፣ አንድ ዕድል ስጪኝ።»
«የመጀመሪያው ማርች ላይ አለቀ። ሁለተኛው ትናንት።» ቦርሳዋን አነሳችና በር ላይ ቆመች። «ሰኞ ስመጣ ጣሪያ ላይ ካላገኘኋት እንነጋገራለን። ካገኘኋት አትለምኚኝ። ለእኔም እናቴ ናት።»

ከሰዓት ሴርባንዶ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።
«ፓልማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መሳቅ ካማረሽ ሳቂ።»
«ንገረኝ።»
«ቀኑን ሙሉ ሰዓት ትጠይቀኛለች። ግማሽ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ብድግ ነው። ‘ዶኛ ሬግላ፣ ወዴት?’ እላታለሁ። ‘ልጅቷን ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘግተውባታል’ ትለኛለች። ‘ጨለማ ትፈራለች። እኔን ስታይ ግን አታለቅስም’ ትለኛለች።» ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ቀልድ ነበር የመሰለኝ። እኔ ስለምቀልድ ሁሉም የሚቀልድ ይመስለኛል።»

አመሰግናለሁ አልኩት።

ጨለማ እፈራ ነበር? እኔ አላስታውስም። ማታ ለፓትሮ ደውዬ ጠየቅኳት። «በአንቺ ምክንያት መብራት ጠፍቶ ተኝተን አናውቅም ነበር» አለችኝ። «ለምን ጠየቅሽኝ?» «እንዲሁ ነው» አልኳት።

ሜይ 24፣ ዓርብ። ጥርት። ትምህርት ቤቶች መጥተው ነበር።

ትናንት ሴርባንዶ የጣሪያውን በር በጓጉንቸር ዘጋው። የሌሎቹ ጎረቤቶች ፈቃድ ተጠይቋል። እማዬ ቀኑን በሙሉ በሩ ሥር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትደበድብ ዋለች። ዛሬ ከሥራ ስመለስ የእጇ መገጣጠሚያዎች ተልጠዋል። ድምፅዋ ተዘግቷል። ሴርባንዶ ከእኔ በፊት ጓጉንቸሩን አውልቆ ኪሱ ከቶታል።
«እኔ ይህን አልችልም፣ የኔ እህት» አለኝ። «ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ከሥራ መቅረትን አስቤያለሁ። የእሷ ጡረታ ለሁለታችን አይበቃም። ደግሞም እቤት ብውል፣ እማዬ የምትፈልጋት ልጅ እቤት ያለችው እኔ አይደለሁም። ጨለማ ውስጥ ያለችው ናት።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ትክክል ነው።

ሜይ 26፣ እሑድ። ቀላል የምዕራብ ነፋስ። እማዬና እኔ ብቻ።

ሻንጣዋን አወረድኩት። ሁለት ሹራብ፣ የሌሊት ልብሶች፣ ማበጠሪያ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየችኝ።
«ማን ነው የሚሄደው?»
«ገና አልታወቀም።»
«አንቺ ከሆንሽ ካፖርት ያዢ» አለች።

ሜይ 27፣ ሰኞ። ጥርት፤ ነፋስ የለም። በቤት የነበሩት፦ እማዬ፣ በኋላ ፓትሮ፣ እኔ።

ከእማዬ ቀድሜ ተነሳሁ። ውኃ አሞቅኩና ፀጉሯን አጠብኳት። ስታበጥር መስታወቱን ያዝኩላት። ዳቦ ጠብሼ ዘይት አፈሰስኩበት። ስትበላ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ክፍሉ ውስጥ መብራት አስገቡልን» አልኳት።
ማላመጧን አቆመች። «የትኛው ክፍል?»
«የጨለማው። አሁን ጨለማ አይደለም።»
«ትልቅ መብራት ነው?»
«ትልቅ። ከጣሪያው መሃል ይወርዳል። ሁላችንም እንተያያለን።»
«በር ሲዘጋም?»
«በር ሲዘጋም።»

አፍጥጣ አየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ይህን ያህል ዘመን ምን ሲጠብቁ ነበር?» አለች። «ጨዋ ሰዎች አይደሉም።» የቀረውን ዳቦ በላች። ከዚያ፣ «ታዲያ እኔ ዛሬ ምን ልሥራ?» አለችኝ።
ምስሩን አወጣሁላት። ሳህን ላይ ዘርግታ ጠጠር መልቀም ጀመረች።

ፓትሮ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገባች። እማዬን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች። ጣሪያው ላይ ወጥታ ቆይታ ወረደች። ግማሽ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። እማዬ ቀና አላለችም። ፓትሮ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው፤ ከሳህኑም ምስር ዘግና ወደ ራሷ ሳበች።
«ምን አደረግሽላት?» አለችኝ በሹክሹክታ።
«ምንም። አወራን።»
«ለዚህ ሳምንት እዚህ ትቆይ» አለችኝ። «ለዚህ ሳምንት ብቻ።»
ሻንጣውን ወደ ቁም ሳጥኑ አናት መለስኩት።

ወደ ማማው ሄድኩ። ለኔካኔ አየሩን ነገርኳት፤ ጥርት፣ ነፋስ የለም። ያቺ ሴት እናቴ መሆኗንም ነገርኳት። «ማክሰኞ ዕለት ገብቶኛል» አለችኝ።

ለመጀመሪያው ዙር በሩን ዘጋሁ። ጨለመ። ከወደቡ ጀመርኩ፣ ከዚያ ካቴድራሉ። ከዚያ የኛ ጣሪያ። ሸራው ነበር፣ ገመዱ ነበር፣ አንሶላ አልነበረም። እዚያ ቆምኩ። የምናገረውም አልነበረኝም።

በዚያ ፀጥታ ውስጥ ከጎብኚዎቹ አንዷ ክንዴን ያዘች። ጨለማው ከብዷት ይሆናል። ማን እንደሆነች አላየሁም፣ አልጠየቅኳትምም። እስከ መጨረሻው አልለቀቀችኝም፣ እኔም ክንዴን አላነሳሁም። ወደ ካሌታ ዘንጉን ያዞርኩት በሌላው እጄ ነው።